አራተኛው መስመር

ከምሽቱ ሁለት ተኩል፣ ስልኩ ጮኸ ከአዲስ አበባ፤
«እንደምን አመሸህ» የለ፣ በቁጥር ነው የሚገባ፦
«ኮምቦልቻ፣ አምስት ሜጋ አውርድ፣ ቶሎ፣ ሳትዘገይ።»
«ከየትኛው ላውርድ ጌታው?» «እሱን አንተው ራስህ እይ።»

ፊቴ አምስት ቁልፍ ተደርድሯል፣ አምስት ቀይ ዓይን ያፈጥጣል።
አንደኛው የጨርቃ ጨርቅ ነው፣ ቢጠፋ ክር ይበጠሳል፣
ሁለተኛው የሆስፒታል፣ እዚያ እጄ እንዴት ይደርሳል?
ሦስተኛው የውሃ ፓምፑን፣ ወፍጮውን የተሸከመው፣
አምስተኛው የብረት ፋብሪካ፣ ባለቤቱ ስልክ ያለው።
አራተኛው የሰፈር ነው፤ ከበርበሬ ወንዝ ወዲያ፣
የኔም ቤት፣ የአክስቴም ኪዮስክ፣ ሁለት ጋራዥም አለ እዚያ።

ሰው መብራትን አንድ ይለዋል፣ ካንድ ጕድጓድ የሚቀዳ፤
እኔ ግን ሰነዱ ላይ አያለሁ የመጣበትን ጓዳ፦
ይህ የግቤ ውሃ ነው፣ ይህ ከበለስ የወረደው፣
ይህ ደግሞ የአዳማ ነፋስ፣ ሲሮጥ ውሎ የወለደው።
ሽቦው ውስጥ ከገቡ ወዲያ ዘር ቆጥሮ የሚለይ የለም፣
እንደ ወሎ ሰው ስም ናቸው፣ ልጅ ካባቱ አይገጥም፤
ሙሄ ወልደ ጻድቅ ነኝ እኔ፣ እዚህ ማንም አይገረም።

ጣቴን ቁልፉ ላይ አኖርሁ፤ ቆጠርሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
ያለው ማዕድ ላይ ነው አሁን፣ የሌለውም ምድጃው ፊት፤
ይቅርታ ብልስ ለማን ነው? ብቻዬን ነኝ በዚህ ቤት፤
ከበርበሬ ወንዝ ማዶ ያለ

አራተኛው መስመር እዚህ ላይ ተቆረጠ።
መዝገቡ ላይ ጻፍሁ፦ ሁለት ከሠላሳ ሰባት። ምክንያት፣ የኃይል እጥረት።
ለእጥረት ዓምድ አለው መዝገቡ፣
ለሰው ስም የለውም።

ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ፦
«ሉባባ ነኝ ከበርበሬ ወንዝ፤ ስማኝማ የኔ ወንድም፣
ሦስት መቶ እንቁላል አለኝ፣ ያለ ሙቀት አይቆይም።
ሃያኛ ቀናቸው ነው ዛሬ፤ ቅርፊት ውስጥ ሲንቆራጠጡ
እሰማቸዋለሁ በጆሮዬ፤ ነገ ነበር የሚወጡ።»

«ጋዝ የለሽም ወይ?» አልኋት። ሳቀች፣ ሳቋም ደረቅ ነበረ።
«ሲሊንደሩማ ባዶ ነው፣ መኪናው ሚሌ ላይ አደረ፤
ባቲ ደረሰ እያሉኝ ረቡዕ ሐሙስ ተቆጠረ።
አሁን በጋቢ ጠቅልዬ ሳጥኑን አቅፌዋለሁ፣
በስተርጅናዬ ዘመን ይኸው ዶሮ ሆኛለሁ።
ለመሆኑ ማነው የሚያጠፋው?»

«ብልሽት ነው» አልኋት።
ጣቴንም ኪሴ ደበቅሁት፣
በስልክ የምታየው ይመስል።

ወደ ደሴ ደወልሁ፤ ተረኛዋ አረጋሽ ናት።
«ሁለት ሜጋ አበድሪኝ፣ አርባ ደቂቃ ብቻ» አልኋት።
«የሰኞ ገበያ መሰለህ? በቁና ይሰፈራል እንዴ?
ደግሞ ለምን?» አለችኝ። «ለጫጩት» አልኋት። ዝም አለች አንዴ።
ቀጥሎ ስትስቅ ሰማሁ፤ ሐረጎን ተሻግሮ ሳቋ
ከሽቦው ቀድሞ ደረሰኝ።
«ፒያሳን ላጨልምልህ፣ ባለሱቅ ጄኔሬተር አለው፤
ካለቃ ቁጣ ከመጣ ግን ግማሹ ያንተ ነው።»
ጦሳ ሥር ጉሙ ተኝቶ፣ ደሴም ነጠላውን ለብሳ፣
ለማታውቃቸው እንግዶች ጨለመችላቸው ፒያሳ።

ሦስት ሰዓት ከሦስት። ቁልፉን መለስሁት፤
ከበርበሬ ወንዝ ማዶ ያለው መስኮት ሁሉ በራ።

ሲጠፋ ስልክ ይጨናነቃል፤ ሲመጣ የሚደውል የለም።
ሉባባም አልደወለች።

ንጋት ላይ በባጃጅ ወረድሁ። ከየትኛው ቤት እንደሆነች
አላውቅም፤ በየአጥሩ ሥር ጆሮዬን ጥዬ አለፍሁ፤
ሰው ያየኝ ሌባ ይለኛል።
ቤቴን ከፈትሁ፣ ጨለማ ነው። መስመሩ ደህና፣ ጎረቤት በርቷል፤
የኔ ካርድ ነው ያለቀው።
ጥግ ላይ፣ ከበሩ ኋላ፣
ቆጣሪው እንደ ጫጩት ይጮኻል።